ከአጥሩ ወዲያ

ሻንጣዬን ሆቴል አስቀምጬ፣ ካፊያው እስኪያባራ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ወደ ሆሊሩድ ፓርክ አቀናሁ። ኤዲንብራን ከዚያ በፊት ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ጉዞ ከተማዋ ያሳየችኝ ነገር አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቶ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ቀርቶ ነበር። ጥድፊያዬ እርሱን ደግሜ ለማየት ነው። የስኮትላንድን ፓርላማ ሕንፃ አልፌ፣ የመኪናውን መንገድ ተሻግሬ ሽቅብ ማለት ስጀምር የብረት አጥር ገጠመኝ። የተሰቀለበት ማስጠንቀቂያ ከገደሉ ድንጋይ ስለሚወድቅ መንገዱ መዘጋቱን ይናገራል። ከአጥሩ ወዲያ ያ የማውቀው የእግር መንገድ የገደሉን ሥር ይዞ ተጠማዝዞ ይሄዳል። የሚረግጠው ሰው ስለጠፋ ሣር ጀምሮታል።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልታወቀኝም። ድንጋይ ወደቀ ተብሎ ማን ይከሰሳል?

ቦታውን ለማያውቅ ሰው ኤዲንብራ የሞተ እሳተ ገሞራ በጉያዋ ይዛ የምትኖር ከተማ ናት። ከመሃል ከተማው በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል የተጓዘ ሰው ሕንፃዎቹ ድንገት ያልቁበትና ሣር፣ ዐለት፣ ኩሬና ተራራ ፊቱ ላይ ይቆማሉ። የፓርኩ ስፋት 260 ሄክታር ገደማ ነው። ከፍተኛው ጫፍ አርተርስ ሲት ይባላል፤ ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 251 ሜትር ብቻ ቢሆንም ከሜዳው ብድግ ብሎ ስለቆመ ከዚያ የሚበልጥ ይመስላል። ከሩቅ ሲያዩት የተጋደመ አንበሳ ነው። የአገሩ ሰዎችም አንዱን ክፍል የአንበሳው ራስ፣ ሌላውን የአንበሳው ዳሌ ብለው ይጠሩታል። ሁለቱም ከ340 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ምድር እሳት የተፋችባቸው ጉሮሮዎች ናቸው። ያን ጊዜ ዛሬ ስኮትላንድ የምንለው መሬት የሚገኘው ከምድር ወገብ አጠገብ ነበር። ነፋሱ ካፖርቴን አልፎ አጥንቴን እየጠዘጠዘኝ ይህን ሳስብ ሳልወድ ሳቅኩ።

አብዛኛው ጎብኚ ወደ ጫፉ ይወጣል። አልፈርድበትም፤ እኔም ወጥቼ ነበር። ከላይ ባሕሩ ይታያል፣ ከተማዋ ከነግንቧ ትታያለች፣ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል፣ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሣል። ነገር ግን ጫፍ ላይ የወጣ ሰው የሚያየው ሌላ ሌላውን ነው፤ የቆመበትን አያይም። የተራራው ጉዳይ ያለው ከታች፣ ከገደሉ እግር ነው ባይ ነኝ።

ገደሉ ሳልስበሪ ክራግስ ይባላል። ከተማዋን ፊት ለፊት እያየ፣ ከአርባ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ግድግዳ ነው። አፈጣጠሩ ከእሳተ ገሞራው የተለየ ታሪክ አለው። እሳተ ገሞራው ጠፍቶ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ካለፉ በኋላ ሌላ ቅልጥ ዐለት ከታች መጣ። ይህኛው ወደ ላይ ሰንጥቆ አልወጣም። በአሸዋ ድንጋይና በጭቃ ድንጋይ ንብርብሮች መካከል በአግድም ተሰግስጎ ገብቶ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከዚያ መሬቱ ወደ ምሥራቅ ዘመመ፤ በመጨረሻም የበረዶ ግግር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተጎተተ ለስላሳውን ጠርጎ ጠንካራውን አስቀረ። ስለዚህ ያ ግድግዳ አንድ ቀን እንኳ የፀሐይ ብርሃን ሳያይ የተወለደ ድንጋይ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞዬ፣ በ2016 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ መንገዱ ክፍት ነበር። በገደሉ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ምን እንደማይ ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ከነውሻቸው መጡ። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። እንግዲያውስ ጣትዎን እዚህ ያኑሩ አሉኝ፣ የእጄን አቅጣጫ በከዘራቸው እያሳዩ።

ከታች ቀላ ያለ፣ እንደ ተከመረ ወረቀት የተነባበረ ድንጋይ አለ። ከላይ ጥቁሩ ተጭኖታል። አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩ በንብርብሩ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ፈንቅሎታል፤ ሰው ትከሻውን ከፍራሽ ሥር አስገብቶ ሲያነሣው ፍራሹ እንደሚቀለበሰው ሁሉ የአሸዋ ድንጋዩ ተቀልብሶ፣ ጫፉ ተቆርጦ፣ በጥቁሩ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። ሽማግሌው ያመለከቱኝ ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር ነበር። አውራ ጣቴን አኖርኩበት። ጥቁሩ በመስመሩ ላይ እንደ ብርጭቆ የላመ ነው፤ ከመስመሩ ክንድ ያህል ሲርቅ ግን የማዕድን ጥራጥሬው በዓይን ይለያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቅልጡ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ሲነካ ባለበት ክው ብሎ ደረቀ፤ መሃሉ ግን ቀስ እያለ ስለቀዘቀዘ ጥራጥሬ ለማብቀል ጊዜ አገኘ። የአሸዋ ድንጋዩ ደግሞ በጎኑ በኩል እንደ ጡብ ተተኩሶ ጠጥሯል። ግማሽ ጣቴ ያረፈው በተኳሹ ላይ፣ ግማሹ በተተኮሰው ላይ ነው። ሽማግሌው ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ውሻቸውን ጠርተው ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ያ መስመር የሥነ ምድር ሊቁ የጄምስ ሃተን መስመር ነው። ሃተን በ1726 በዚያው ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተማረና አልሠራበትም፤ ይልቁን ከወዳጁ ጋር ከጥላሸት ጨው የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ከዚያም ዓመታት በእርሻ ላይ አሳለፈ። ከምሁር ይልቅ ገበሬ የምድርን ነገር ቀድሞ ቢረዳ አያስደንቀኝም። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ከማሳው እየታጠበ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲሄድ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ አያመልጠውም፤ ይህ ሁሉ አፈር ዘወትር የሚወርድ ከሆነ ተራሮች እስከ ዛሬ እንዴት አላለቁም? ሃተን መልሱን ከታች ፈለገ። ከባሕር ሥር የተከማቸው አፈር ድንጋይ ይሆናል፣ የምድር ውስጥ ሙቀት መልሶ ያነሣዋል፣ እንደገና ይሸረሸራል፤ ዙሩ አያልቅም። ወደ ኤዲንብራ ተመልሶ ቤቱን የሠራው ገደሉን ፊት ለፊት ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነበር። ሐሳቡን በ1785 ኤዲንብራ ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ሲያቀርብ የመጀመሪያውን ክፍል ያነበበለት ወዳጁ ኬሚስቱ ጆሴፍ ብላክ ነው።

በዚያን ዘመን የምድርን ዕድሜ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ የሚያደርገው ቆጠራ ገና ብዙ ተከታይ ነበረው። ከሊቃውንቱ መካከልም እነዚህን ጥቁር ድንጋዮች ሁሉ ከጥንታዊ ባሕር ውኃ የዘቀጡ ናቸው የሚለው የጀርመናዊው ቬርነር ትምህርት ገንኖ ነበር። ለዚያ ትምህርት የገደሉ መስመር ዕዳ ነው። ከውኃ የዘቀጠ ነገር ከሥሩ ያለውን ንብርብር አንሥቶ አይቀለብስም፣ አይተኩስም፣ ጠርዙ ላይ ላም ብሎ መሃሉ ላይ አይሻክርም። ቅልጥ ሆኖ የገባ ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል። ማስረጃው እንዲህ በጣት የሚነካ ሆኖ ሳለ ክርክሩ ሃተን በ1797 ከሞተ በኋላም አልበረደም። ወዳጁ ጄምስ ሆል እንዲህ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በምድጃ አቅልጦ ቀስ ብሎ ሲያቀዘቅዘው መስታወት ሳይሆን መልሶ ጥራጥሬ ያለው ድንጋይ እንደሚሆን አሳየ፤ ይህም ለሁሉም አልበቃም።

የምወዳት ወሬ አለች። በ1820ዎቹ አጋማሽ አንድ ወጣት ሕክምና ሊማር ወደ ኤዲንብራ መጣ። ፕሮፌሰር ሮበርት ጄምሰን ተማሪዎቻቸውን ወደዚሁ ገደል ወስደው፣ ዙሪያው ሁሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ ስንጥቁን የሞላው ጥቁር ድንጋይ ከላይ የወረደ ደለል መሆኑን አስተማሯቸው። ቀልጦ ከታች ገባ የሚሉ ሰዎች አሉ ብለውም አላገጡ። ወጣቱ በትምህርቱ ከመሰላቸቱ የተነሣ ዳግመኛ ሥነ ምድር ላለመማር ወሰነ። ደግነቱ ውሳኔውን አላከበረም፤ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። ያን ቀን ያስታወሰው በስተርጅናው ስለ ራሱ ሕይወት ሲጽፍ ነው፤ ሐሞቱ አልረገበም።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ማንኛውም የጉብኝት መጽሔት ይነግራል። እኔን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላው ነው። ያ ጣቴን ያኖርኩበት ግድግዳ እንዲህ ተገልጦ የታየው የድንጋይ ካባ ስለነበረ ነው።

ድንጋይ ፈላጮች ገደሉን ለዘመናት ሲፈልጡት ኖረዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ለመንገድ ንጣፍ የሚሆን ነው፤ የኤዲንብራን መንገዶች ካለበሰ በኋላ በመርከብ ተጭኖ እስከ ለንደን ወርዷል። የፓርኩ ጠባቂ የነበሩት መኳንንት፣ የሃዲንግተን አርሎች፣ ሹመቱን ከአባት ወደ ልጅ እየወረሱ ጥበቃውን ወደ ንግድ ለወጡት። በአማርኛ ጠባቂ ስንል ከሌባ የሚከላከለውን ነው፤ እዚህ ጠባቂው ራሱ ሻጭ ሆነ። ከተማው ከሩቅ ሲያየው የኖረው ገደል መልኩ ሲቀየር ሕዝቡ ጮኸ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ብዙ ዓመታት ተጓተተ፤ በ1831 የሎርዶች ምክር ቤት ካባው እንዲቆም ፈረደ። ቆይቶም የጠባቂነቱ ሥልጣን ከቤተሰቡ ወጥቶ ወደ ዘውዱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ፈላጮቹ ባይኖሩ ሃተን ያን ትኩስ ፊት የት ያገኘው ነበር? ዝናብና ሣር የለበሰ፣ ዘመን ያደበዘዘው ድንጋይ ምስጢሩን አይናገርም። አዲስ የተፈለጠ ግን ይናገራል። ከገደሉ እግር ተነጥሎ የቆመ አንድ ዐለት አለ፤ የብረት ማዕድን ቀይ ሥር ይታይበታል። ሃተን ራሱ ይህን እንዳትነኩ ብሎ ፈላጮቹን ለምኗቸው የቀረ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ለሥነ ምድር እውቀት ሲባል ድንጋይን ከሰው የጠበቀ ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ሃተን ነው። ያንን ዐለት ለማዳን የለመነው ሰው ደግሞ የቀረውን ገደል ሲፈልጡ ቆሞ እየተመለከተ ይማር ነበር። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ዛሬ በሕግ የምንጠብቀው ያን ጠባሳ ነው። በመዶሻ የቆሰለውን ግድግዳ ማንም እንዳይነካው አዋጅ አስነግረንለታል።

ይህ የኤዲንብራ ብቻ ጠባይ አይደለም። በግላስጎው ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የሆናቸው የ11 ዛፎች ጉቶ ድንጋይ ሆኖ ቆሞ ይታያል። የተገኙት በ1887 አሮጌ ካባ ወደ መናፈሻ ሲለወጥ ነው። የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ናት። ከሃምሳ በላይ እሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ብትሆንም ብዙዎቹን ኮረብታዎቿን ለመንገድ ፈልጣ ጨርሳለች። ሦስቱ ነገሥታት የሚባለው ቦታ ላይ ከሦስቱ ትልልቅ ጉብታዎች የቀረው አንድ ብቻ ነው። ስሙ ግን እንደ ድሮው ሦስት ይላል። ፈላጩ በጊዜ ሲቆም ሙዚየም፣ ሳይቆም ሲቀር ጉድጓድ ይወጣል። ልዩነቱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያህል ነው።

የሆሊሩድ ድንበር ከድንጋይ በፊት ሰው ጠብቋል። በ1128 የተመሠረተው ገዳም፣ ስሙም ቅዱስ መስቀል ማለት ነው፣ መማጸኛ ነበር። ቆየት ሲል መማጸኛነቱ ለባለዕዳዎች ሆነ። አበዳሪ የሚያሳድደው ሰው የገዳሙን ድንበር ከተሻገረ አይያዝም፤ ድንበሩም ተራራውን ጨምሮ ፓርኩን በሙሉ ያካትት ነበር። ባለዕዳዎቹ ቤት ተከራይተው፣ ተራራው ላይ እየተንሸራሸሩ ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ስለ ዕዳ ማንም አይታሰርምና ወደ ከተማ ወጥተው ወዳጅ ዘመድ ጠይቀው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ እየሮጡ ይመለሳሉ። እሑድ ማታ ሰዓት የረሳ ባለዕዳ ቁልቁለቱን ሲሮጥ፣ ከኋላው ሲከተሉት፣ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወዲያ ሲወድቅ ይታየኛል። ከሁሉም ጥበቃዎች እንደዚህ ግልጽ የሆነ አላየሁም፤ ከመስመሩ ወዲህ ከሆንክ ድነሃል።

መንገዱም የራሱ ታሪክ አለው። ራዲካል ሮድ ይባላል። በ1820 በስኮትላንድ ምዕራብ ሥራ ያጡ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ መብት ጠይቀው ተነሡ፤ አመፁ ተቀጨ። ከዚያ በኋላ በደራሲው ዋልተር ስኮት ሐሳብ አቀባይነት ሥራ ፈት ሸማኔዎች መጥተው በገደሉ እግር ሥር ያለውን መንገድ እንዲያነጥፉ ተደረገ። የእጃቸው ሥራ ከአመፃቸው ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ። የክር ሰው ድንጋይ ሲሸከም ምን እንደተሰማው የጻፈ የለም።

ያ መንገድ በ2018 ተዘጋ። ወደ ሃምሳ ቶን የሚጠጋ ዐለት ከገደሉ ተገንጥሎ ወረደ። እንግዲህ የእኔ አጥር የመጣው ከዚህ ነው። ለዓመታትም ቆመ።

በዚያ ካፊያ ውስጥ ቆሜ ንዴቴ ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል ሞከርኩ። መጀመሪያ አጥሩን ባቆሙት ላይ ዞረ። ለጥንቃቄ ተብሎ ዓለምን ሁሉ ማጠር ይቻላል፤ ለሁለት መቶ ዓመታት ሰው የተመላለሰበትን መንገድ መዝጋት ግን ምን ያህል ያስኬዳል? ይህን ካልኩ በኋላ ሃምሳ ቶን ምን ያህል እንደሆነ አሰብኩ። በ2016 ጣቴን አኑሬ ቆሜ የነበርኩት ከዚያው ገደል ሥር ነው፤ ቀና ብዬ ያየሁበትን ደቂቃ አላስታውስም። ሽማግሌውም ከነውሻቸው እዚያው ነበሩ።

ገደሉን በብረት ካስማ መውጋት፣ በመረብ መሸፈን ይቻላል። በብዙ ተራራማ መንገዶች ላይ የሚደረግ ነው። እዚህ ቢደረግ ግን የምንጠብቀውን ነገር ራሱን እንሸፍነዋለን፤ ሰው ከመረብ ጀርባ ያለ ድንጋይ ሊያይ መጥቶ መረብ አይቶ ይመለሳል። የላላውን ሁሉ አስቀድሞ አራግፎ መንገዱን መክፈትም ይቻላል። ያ ደግሞ በሌላ ስም ካባውን መልሶ መክፈት ነው። ሎርዶቹ በ1831 ያቆሙት ፈላጭ ደመወዝ የሚከፈለውን ነበር። ሌላኛው አልቆመም። ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይሰፋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ነገ ደግሞ ትንሽ ጠልቆ ይገባል። እሑድም አያርፍም። ሃተን ቢኖር በዚህ የሚደነግጥ አይመስለኝም። ገደሉ ራሱ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ምንም ነገር ባለበት አይቆምም። እኛ ደግሞ ይህን ላስተማረን ድንጋይ ክብር ስንል ባለበት ቁም ብለን አዘነዋል።

አጥሩን ተከትዬ በታችኛው መኪና መንገድ በኩል ዞርኩ። የሳምሶን ጎድኖች የሚሏቸውን ዓምዶች አየሁ፤ ቅልጥ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ እንደ እርሳስ እስር ባለ ብዙ ጎን ሆኖ ቆሟል። የሚያምር ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ብዙ እጽፍለት ነበር። ልቤ ግን ከላይ ከጥቁሩ ግድግዳ ጋር ነበር። ከርቀት ያ መስመር በጣም ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው አያገኘውም። አውራ ጣቴን አንሥቼ ከሩቅ ለካሁት፤ ጣቴ ገደሉን በሙሉ ሸፈነው።

ስመለስ በጀመርኩበት በር በኩል አለፍኩ። ከአጥሩ ግርጌ፣ ከእኔ ወገን፣ የእንቁላል ያህል ጥቁር ድንጋይ ወድቆ ነበር። አንሥቼ አየሁት። አንደኛው ጎኑ ትኩስ ስብራት ነው፣ ጥራጥሬው ያብለጨልጫል። ኪሴ ውስጥ ለመክተት እጄን ሰደድኩና ተውኩት፤ ከፓርኩ ድንጋይ መውሰድ ነውር መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ቢወስድ ማለትም የፈላጭ ሒሳብ ነው። መሬት አስቀመጥኩትና በጫማዬ አፍንጫ ገፍቼ ከአጥሩ ሥር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሁለት እርምጃ ያህል ሳልርቅ ቁልቁለቱ መልሶ አንከባለለውና ተረከዜ አጠገብ መጥቶ ቆመ።